በአማርኛ የሰጠሁት የማረፍ ፈቃድ

ጅቡቲ ውስጥ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሰው አይሞትም እያልን እንቀልድ ነበር። ጫቱ ሳይገባ ማን ይሞታል? ቢሮ የሚዘጋው፣ ታክሲ አልጭንም የሚለው፣ ባልና ሚስት ጠባቸውን ለነገ የሚያሳድሩት ከድሬዳዋ በኩል የምትመጣው የጫት አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ነው። እኔ ደግሞ ያቺን አውሮፕላን ተቀብዬ የማሳርፍ ሰው ነበርኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ማማ ላይ ተቀምጬ በሬዲዮ ግባ፣ ውጣ፣ ቆይ የምል የበረራ ተቆጣጣሪ።

ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ካርቲዬ ዶ፣ ሁለተኛው ሰፈር ነው። አባቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ የባቡር መካኒክ ነበር። ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ተማርኩ፣ መንገድ ላይ በሶማልኛ ተጣላሁ፣ ከአፋሮቹ ልጆች ጋር ባሕር ወርጄ ጥቂት አፋርኛ ለቀምኩ፣ ቤት ስገባ ደግሞ አማርኛ ካልተናገርኩ እራት የለም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ ተቆጣጣሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጫት የማልቅምም እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ባልደረቦቼ ተመካክረው የጫት ሰዓቷን ፈረቃ ለእኔ ሰጡኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አብሮኝ የሚሠራው ሰው «ኤፍሬም፣ መጣሁ» ብሎ ይወርዳል፤ እስከ ዘጠኝ አይመጣም። እኔም ምንም አልልም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ ማማው የግሌ ይሆናላ።

ደስ የሚለኝ ሌላም ምክንያት ነበረው። የጫቷ አውሮፕላን አብራሪ ካፒቴን ዳኜ ነበሩ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ሳቂታ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ሲመላለሱ ስንት ዓመት የኖሩ ሰው። በሬዲዮ መነጋገር የሚፈቀደው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሬዲዮው አንድ ነው፣ በአካባቢው ያለ አብራሪ ሁሉ ይሰማል፤ ሌላው ምን እንደተባለ ሰምቶ ነው የራሱን ቦታ የሚያውቀው። ካፒቴን ዳኜ ግን ድንበሩን ሲሻገሩ «ጅቡቲ፣ ደህና ዋልክ የኔ ልጅ?» ይሉኝ ነበር። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን ካፒቴን፣ ደህና ዋሉ?» እላለሁ። መጀመሪያ ሰላምታው ብቻ ነበር በአማርኛ። ቀስ በቀስ የአየሩ ሁኔታም፣ የነፋሱም፣ ፈቃዱም በአማርኛ ሆነ። አለቃዬ ሮብሌ አንድ ቀን ሰምቶ «እናንተ ሐበሾች ሰማዩንም ወሰዳችሁት» ብሎ ስቆ አለፈ። መገሰጽ የነበረበት ያን ቀን ነው። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ነገሩ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ሌላም ልማድ ነበረን። ማኮብኮቢያው አንድ ነው፤ በአንድ ጫፉ ባሕሩን፣ በሌላው ጫፉ ደረቁን ምድር ያያል። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነው የሚያርፈው። በጋ ላይ ካምሲን የምንለው ትኩስ ነፋስ አቧራ እያነሣ ከምድሩ በኩል ስለሚነፍስ ሁሉም ዞሮ ከባሕሩ በኩል ይገባል። የጫቷ አውሮፕላን ግን የምትመጣው ከምድሩ በኩል ነው። ዙሪና ግቢ ብትባል ሰባት ስምንት ደቂቃ ይፈጅባታል። ከተማ ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ስምንት ደቂቃ! ስለዚህ ነፋሱ ጋብ ካለና ሌላ አውሮፕላን ከሌለ ከምድሩ በኩል ቀጥታ ትገባለች። ከእኔ በፊት የነበሩት ተቆጣጣሪዎችም እንዲህ ያደርጉ ነበር። የትም አልተጻፈም፤ ግን ለጫት መንገድ እንደሚለቀቅ ሁሉም ያውቃል።

ነገሬን የሚያወሳስበው አሁን ነው። የካፒቴን ዳኜን የእህታቸውን ልጅ ሰናይትን እወዳት ነበር። ድሬዳዋ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነው የተዋወቅሁት፤ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ተጻጽፈናል፣ በስልክም እናወራለን። አባቷ ስለሞተ ያሳደጓትም የሚድሯትም ካፒቴን ናቸው። አባቴ ከሁለት የባቡር ጓደኞቹ ጋር ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ «ዘመድ አማክረን እንመልሳለን» ተብሎ ተመልሷል። ለሁለተኛ ጊዜ የተቀጠሩት ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነባት እሁድ ጠዋት ነው። አባቴ መልሱን በስልክ የሚነግረኝ ማታ ነው። ካፒቴን ግን ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አውሮፕላናቸው ሄደው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጅቡቲ ሰማይ ላይ ናቸው። እንግዲህ ያን ቀን ማማው ላይ በምን ልብ እንደተቀመጥኩ ገምቱት። ቁርስ አልበላሁም። ጫት ጠባቂውን ሕዝብ ስስቅበት የኖርኩት ሰውዬ ከሁሉም ብሼ ያቺን አውሮፕላን እጠብቃለሁ።

ካምሲኑ ጠዋት ከተማውን ሲያምስ አርፍዶ ስድስት ሰዓት ላይ ጋብ አለ። አቧራው ግን አልወረደም፤ ሰማይና ምድሩ አንድ ዓይነት ቀለም ይዘዋል። ከማማው ላይ ሆኜ የማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች በደንብ አይታዩኝም። ራዳር የለንም። የምንሠራው አብራሪው እዚህ ነኝ ሲል ሰምተን፣ ሰዓት ቆጥረን፣ በጭንቅላታችን ሥዕል ስለን ነው።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ መጀመሪያ የጠራኝ ማርሴል ነው። ማርሴል ሽማግሌ ፈረንሳዊ አብራሪ ነበር፤ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካሉት መንደሮች በሽተኛ ያመላልሳል። ድምፁ ሁልጊዜ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ይመስላል። ያን ቀን ግን ነቅቷል።

«ከኦቦክ ነው የተነሣሁት» አለኝ በፈረንሳይኛ። «ምጥ የጸናባት ሴት ይዣለሁ። አዋላጇም አብራን አለች። ደም እየፈሰሳት ነው፤ አምቡላንስ አዘጋጅልኝ።»

«ይዘጋጃል። ከባሕሩ በኩል ግባ፣ አንደኛ ነህ፤ ከማኮብኮቢያው ጋር ስትስተካከል ጥራኝ» አልኩት። ሰዓቴን አይቼ አሥር ደቂቃ ሰጠሁት። ለአምቡላንሱ ደወልኩ። እስከዚህ ድረስ ሥራዬን በትክክል ሠርቻለሁ።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ሬዲዮው «ጅቡቲ፣ ደህና ዋልክ የኔ ልጅ?» አለ።

ድምፃቸው ውስጥ መልሱን ፈለግሁት። ደስ ያላቸው ይመስላል? የደከማቸው ይመስላል?

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካፒቴን። እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ነን። አቧራችሁ ከላይ ሲያዩት ግድግዳ ነው። ቀጥታ ልግባ?»

ካሰብኩት ይልቅ ያላሰብኩት ይበልጣል። ማርሴል ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ካፒቴን በአምስት ደቂቃ አርፈው ከማኮብኮቢያው ይወጣሉ፤ ይበቃል ብዬ ደመደምኩ።

«ቀጥታ ይግቡ ካፒቴን፣ ለማረፍ ተፈቅዶልዎታል» አልኩ፤ በአማርኛ።

ይህን ስል ማርሴል ሬዲዮው ላይ ነበር። ሰምቶኛል። ግን ምን እንደሆነ ከየት ያውቀዋል? በፈረንሳይኛ ብዬው ቢሆን ኖሮ «ቆይ እንጂ፣ አንደኛ እኔ ነኝ አላልከኝም?» ይል ነበር። ቀጥሎ ማድረግ የነበረብኝም ይኸው ነው፤ ማርሴልን ጠርቶ «አሁን ሁለተኛ ነህ፣ ከፊትህ በተቃራኒ የሚመጣ አለ፣ እዚያው ባሕሩ ላይ ዙር» ማለት። እጄን ወደ ሬዲዮው ቁልፍ ሰደድኩ። በዚያች ቅጽበት ካፒቴን ቀደሙኝ።

«ምነው፣ መልሱን አትጠይቀኝም እንዴ?»

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ፈራሁ ካፒቴን» አልኩ።

እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ታሪኩን እንደ ሽማግሌ ወግ አድርገው ከሥሩ ጀመሩልኝ። አባቴ አዲስ ነጠላ ለብሶ እንደመጣ፤ እንዲቀመጡ ሲባሉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው በር ላይ እንደቆሙ፤ የሰናይት እናት ጓዳ ሆና ስታለቅስ እንደነበር። እኔ ቃል በቃል እየጠጣሁት ነው። መሀል ላይ ስለታም ፉጨት ገባ፤ ድምፃቸውን ቆረጠው፤ ሦስት አራት ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ።

ያንን ፉጨት በእኛ ሙያ የማያውቀው የለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው እየጠራህ ነው ማለት ነው። ፉጨቱን የሰማ ተቆጣጣሪ ሁሉንም ዝም አሰኝቶ «ማን ነው የጠራኝ?» ማለት አለበት። ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚያስተምሩት። አልሰማሁም ብል ደስ ባለኝ። ሰምቻለሁ። ማርሴል ሊሆን ይችላል ብዬም አስቤያለሁ። ግን ካፒቴን ገና «እሺ» አላሉም፤ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«...እና እሺ ብለናል። ልጃችንን ሰጥተንሃል። እንኳን ደስ ያለህ!»

«ካፒቴን!» አልኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ። በሬዲዮ እየሳቅሁ «እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ውለታዎን እንዴት አድርጌ...» እያልኩ ዓይኔን ወደ ባሕሩ ጫፍ ብመልስ ከአቧራው ውስጥ ትንሽ ነጭ ነገር ዝቅ ብላ ብቅ አለች። የማርሴል አውሮፕላን። አሥር ደቂቃ የሰጠሁት ሰው በስድስት ደቂቃ ደርሷል። በሌላው ጫፍ የካፒቴን መብራት ይታየኛል። ሁለቱም ማኮብኮቢያውን ይዘዋል፤ አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከምዕራብ።

ጮህኩ። በምን ቋንቋ እንደጮህኩ ልንገራችሁ? በአማርኛ። «ካፒቴን ወደ ላይ! ወደ ላይ! ፊት ለፊት አለ!» ከአፌ የወጣው ያ ብቻ ነው። ካፒቴን ሰሙኝ፤ አፍንጫዋን ቀና አድርገው ሞተሩን አጮሁት። ማርሴል ግን የሰማው አንድ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲጮህ ነው። ከአቧራው ውስጥ መብራት ሲመጣበት በራሱ ዓይን አይቶ አውሮፕላኗን ወደ ታች ወረወራት። አንዷ ባንዷ ላይ ስታልፍ ከማማው ላይ የተዋሃዱ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የፍንዳታ ድምፅ ጠበቅሁ።

አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ ካፒቴን ወደ ባሕሩ እየወጡ ነው። ትንሿ አውሮፕላን መሬቱን በኃይል መትታ፣ ከማኮብኮቢያው ወጥታ፣ አሸዋው ውስጥ በአንድ ጎኗ ተቀምጣለች።

ከማማው መውረድ አልችልም፤ ብቻዬን ነኝ፤ ሰማይ ላይ ሰው አለኝ። በርቀት መነጽር ስመለከት ማርሴል ወጣ፤ የአምቡላንሱ ሰዎችም ደረሱ። እርጉዟን አወረዷት፤ እጇ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሌላ ሴት አወረዱ፤ እሷ አትንቀሳቀስም። አዋላጇ መዲና ነበረች። በሽተኛዋን ለመያዝ ቀበቶዋን ፈትታ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነበር። አውሮፕላኗ ስትወረወር ጭንቅላቷ የበሩን ብረት መታው።

ካፒቴንን ዞረው እንዲያርፉ ሳደርግ በፈረንሳይኛ ነበር የተናገርኩት። እሳቸውም በፈረንሳይኛ መለሱ። ስንት ዓመት ስንነጋገር የመጀመሪያው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጫቱ ወረደ። ጫት ጫኞቹ ፒክአፖች እንደ ልማዳቸው ጡሩምባ እየነፉ ወደ በሩ ሮጡ። አምቡላንሱ ከኋላቸው ነበር። በሩ ጠባብ ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚያሳልፈው። መዲናን የጫነው አምቡላንስ ጫቱ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ። ማን ይፍረድ? ለጫት መንገድ መልቀቁን ያን ቀን ከማማው ላይ የጀመርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ማታ አባቴ ደወለ። ከጀርባው ዕልልታ ይሰማል። «ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ምነው ዝም አልክ? አፍህ ተዘጋ በደስታ?» አለኝ። አዎ አባዬ፣ አልኩት። እርጉዟ ሆስፒታል በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ በሰላም ተገላገለች። መዲና ግን አልነቃችም።

በማግስቱ ካፒቴን ዳኜ ጫታቸውን አራግፈው ወደ ወደቡ መንገድ ወሰዱኝና መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ከፊታችን የከባድ መኪኖች ሰልፍ ነበር።

«ኤፍሬም» አሉ፤ «አደጋውን የሚያጣሩት ሰዎች ነገሩን በማርሴል ሊያላክኩ ነው የሚፈልጉት። ሳይጠራ ገባ እያሉ ነው።»

«ጠርቷል። ፉጨቱን ሰምቻለሁ።»

«ፉጨት ስም የለውም። ስማኝ ልጄ። ሞተሬ ተቸግሮ ነበር፤ በአማርኛ የነገርኩህ ይህንኑ ነው። ችግር ላይ ያለ አውሮፕላን ቅድሚያ ያገኛል። በቃ፤ አንተም ንጹህ፣ እኔም ንጹህ። እኔ በጽሑፍ አስገብቻለሁ።»

«ድምፁ ተቀርጿል እኮ ካፒቴን።»

«በአማርኛ ነው የተቀረጸው። ማን ሊተረጉመው? አንተው ነህ።» እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። በዚህ ዕድሜዬ ከሥራ ብባረር እህቴም ሰናይትም የሚኖሩት በእኔ ነው። ሠርጋችሁን በምን እደግሳለሁ? ደግሞስ እውነቱ ሲነገር ለማን ይጠቅማል? ለመዲና?»

ክፉ ሰው አልነበሩም። እኔም የሚሉት ሁሉ ትክክል መሰለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ «እሺ» ብዬ ነው ከመኪናው የወረድኩት።

መዲና በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተች። ሰባት ሰዓት ላይ አልነበረም፤ ቀልዳችን እንኳ አልዋሸም።

በዚያው ዕለት ሮብሌ ቢሮው ጠራኝ። የተቀረጸውን ካሴትና ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። እሱም አልተኛም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ከተማው በሐበሻ የተሞላ ነው» አለኝ። «አስተርጓሚ ላመጣ እችላለሁ። ያኔ ነገሩ የመንግሥታት ጉዳይ ይሆናል፤ ከእኔ እጅ ይወጣል። ስለዚህ አንተው ቁጭ ብለህ በፈረንሳይኛ ጻፈው። የካፒቴኑን ሪፖርት አይቼዋለሁ፤ የሞተር ችግር ይላል። ያንተ ጽሑፍ ከእሱ ጋር ከተስማማ እፈርማለሁ፣ ፋይሉ ይዘጋል።»

«ማርሴልስ አለቃ?»

ሮብሌ መስኮቱን ማየት ጀመረ። «ማርሴል ሽማግሌ ነው፤ ለማንኛውም ጡረታ ሊወጣ ነበር» አለ።

ካሴቱን ይዤ ወደተሰጠኝ ክፍል ስሄድ ማርሴል ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ፋሻ አለው። እንዳየኝ ተነሣ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ኤፍሬም፣ አንድ ነገር ንገረኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጠርቼሃለሁ አይደል? መዲና ፍጠን፣ ፍጠን ስትለኝ አቋርጬ ነው የመጣሁት። ከማኮብኮቢያው ጋር ስስተካከል እንደጠራሁህ ነው የማስታውሰው። አንተ ስትስቅ ሰማሁ። አደጋ ቢኖር ሰውዬው አይስቅም ነበር ብዬ ወረድኩ። አሁን ግን ሁሉም አልጠራህም ይሉኛል። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት አርጅቼ ይሆናል፤ ምናልባት ቁልፉን ሳልጫን ነው የተናገርኩት። እኔ ነኝ የገደልኳት?»

አልፌው ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ይህን ቃል ራሴ ላይ ለመጠቀም ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ካሴቱን ከፈትኩት። ማርሴል፣ ኦቦክ፣ ምጥ የጸናባት ሴት። ከዚያ «ደህና ዋልክ የኔ ልጅ»። ከዚያ የአባቴ አዲስ ነጠላ። ከዚያ ፉጨቱ። ከዚያ የእኔ ሳቅ። መልሼ ሰማሁት፣ ደግሜ ሰማሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን የለም። የራሱን ሳቅ መስማት የማይችል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማርሴል በሩ ወዲያ ማዶ ሲያስል ይሰማኛል።

አንድ ወረቀት ላይ «የሞተር ችግር አጋጥሞኛል» ብዬ ጻፍኩ። በፈረንሳይኛ ሲጻፍ አጭር፣ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰናይትን አሰብኳት። ድሬዳዋ ሆና ጎረቤት እየመጣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት ታየኝ። ወረቀቱን ረጅም ሰዓት ያዝኩት። ከዚያ ቀደድኩት። ጀግና ሆኜ አይደለም። ያን ሽማግሌ ሰው «አዎ፣ አንተ ነህ የገደልካት» ብሎ የሚነግረው እኔ የምጽፈው ወረቀት መሆኑን ሳስብ እጄ እምቢ አለኝ።

ሁሉንም እንዳለ ተረጎምኩት። ሽማግሌዎቹ በር ላይ መቆማቸውን፣ የእናቷን ልቅሶ፣ «ልጃችንን ሰጥተንሃል»ን። በፉጨቱ ቦታ «እዚህ ላይ ሌላ አብራሪ እየጠራ ነበር፤ ሰምቻለሁ፤ አልመለስኩም» ብዬ ፈረምኩበት።

ሮብሌ እያነበበ ሲሄድ ፊቱ ጠቆረ። «ወርያ ኤፍሬም» አለ በሶማልኛ፤ «ይህ ምንድን ነው? የሰርግ ወሬ ነው ሴትዮዋን የገደላት?»

«አዎ አለቃ።»

«ይህን ካስገባሁ አንተም ሰውዬውም ታልቃላችሁ። እኔም አልተርፍም። ልቅደደው?»

«ቢቀድዱት እንደገና እጽፈዋለሁ» አልኩ። ድምፄ ይህን ያህል ደፋር አልነበረም፤ ያልኩት ግን ይህንኑ ነው።

ፈቃዴ ተነጠቀ፤ ሁለተኛ ማማ ላይ አልወጣሁም። ካፒቴን ዳኜ ከሥራ ተባረሩ። ማርሴል ነጻ ወጣ፤ ወረቀቱ ሲሰጠው አለቀሰ ብለውኛል፤ እኔን ግን ዳግም አላናገረኝም፣ መብቱ ነው። ሮብሌ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ከድሬዳዋ አባቴ ዘንድ ሰው መጣ፤ «ቃላችንን አንስተናል» ብሎ ተመለሰ። ሰናይት አንድ ጊዜ ደወለችልኝ። «እውነት መናገርህ ጥሩ ነው» አለች። «ግን እናቴ ቤት አጎቴ በር ላይ ተቀምጦ ውሎ ያድራል። እሱን እያየሁ እንዴት አድርጌ ላግባህ?» ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም። አባቴም እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ያን ነጠላም ለብሶት አያውቅም።

አሁን ወደብ ላይ የዕቃ አስተላላፊ ጸሐፊ ሆኜ እሠራለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል። እውነት ተናገርኩ ሲባል የሚያመሰግኑኝ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታመስግኑኝ። እናንተም ሥራችሁ ላይ «እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው» የምትሉት ነገር ይኖራችኋል፤ ሁሉም የሚስቅበት፣ ማንንም ያልጎዳ። ፉጨቱ ሲሰማችሁ አታልፉት። እኔ ከዚህ በላይ የምመክረው የለኝም። እውነት መናገሬ ምን እንደሚመዝን ራሴም ያወቅሁት ወደ መዲና እናት ቤት ስሄድ ነው።

ሄድኩ፤ ከስምንት ወር በኋላ። ሃያብለ በሚባለው ሰፈር፣ ቆርቆሮና እንጨት ከተገጣጠመባቸው ቤቶች አንዱ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሶማልኛ ይችሉ ስለነበር በሶማልኛ ነው የተነጋገርነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አላባረሩኝም። ምንጣፍ አሳዩኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ውሃ ሰጡኝ።

«የአውሮፕላን ማረፊያው ሰዎች መጥተው ነበር» አሉ በኋላ። «ወረቀት አነበቡልኝ። በሬዲዮ ከሰው ጋር ታወራ ነበር አሉኝ። ምን እንደምታወራ ግን አልነገሩኝም። ምን ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ለእሳቸው ለአንዲት አሮጊት እናት ብዋሽ ማን ይጠይቀኛል? ግን ከእውነት ሌላ ይዤላቸው የመጣሁት ነገር አልነበረም።

«ሆዮ» አልኳቸው፣ እናቴ እንደማለት፤ «ሽማግሌ ልኬ ነበር። የምወዳት ልጅ ቤተሰቦች እሺ ማለታቸውን እየተነገረኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው ለመዲና አውሮፕላን ጥሪ ጆሮ ያልሰጠሁት።»

ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«መዲናም ታጭታ ነበር» አሉ። «ደስታ ጆሮ እንደሚደፍን አውቃለሁ።» ከዚያ እንደ ማንኛዋም እናት ጠየቁኝ። «ልጅቷስ ደህና ናት? ወለደች?»

«አላገባኋትም፣ ሆዮ። ቀረ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ያየሁት።

«ቀረ?» አሉ። «ታዲያ የእኔ ልጅ በከንቱ ነው የሞተችው በለኛ።»